የእማማ የሺ አርባና የዘይነብ ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘይነብ ቤት ስገባ የተቀበለኝ የላጲስ ሽታ ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ድንገት አልነሳም ብሎ፣ አክስቴ ሆዱን ከፍታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ሜሞሪውን በላጲስ ታሻለች። የላጲስ ፍርፋሪና የሞቀ አቧራ ሲደባለቁ የሚመጣው ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያደርገው አላውቅም። እኔን ግን እዚያው በር ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አደረገኝ።

«ከኋላ ያለችውን ማጥፊያ አይተሻታል?» አልኳት።

ላጲሱን ወረወረችብኝ። ችግሩ የላላ የግድግዳ ሶኬት ሆኖ ተገኘ፤ እሱን አጥብቀን ቁጭ አልን። እሷ ሥራዋን ቀጠለች፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያን ዓመት ሳስብ ዋልኩ።

ያን ዓመት አባቴና እናቴ ቢስቲማ ከተማ ያስተምሩ ስለነበር እኔ የምማረው ደሴ፣ ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው በአያቴ በእማ ፋጡማ ቤት ሆኜ ነው። ቤቱ ውስጥ እማ፣ እኔና የእናቴ ታናሽ እህት ዘይነብ ነበርን። ዘይነብ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ክረምት አልፏታል። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ጅዳና ሪያድ ሄደው አልቀዋል። የእሷም ፓስፖርት ወጥቶ እማ ሣጥን ውስጥ፣ ከዒድ ልብሶቻችን ሥር ተኝቷል። በዚህ መሐል ኮምቦልቻ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር የሚጽፍ ሠራተኛ ፈትኖ እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ዘይነብ የጆሮ ወርቋን ሸጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛችና ከእማ ጋር ተዋዋለች፤ ፈተናውን ካለፈች ትቀራለች፣ ከወደቀች ትሄዳለች።

እኔ ይህን ውል አላውቅም ነበር። ፈተና ሲባል የእኔ ዓይነቱ፣ የወደቀ በዓመቱ የሚደግመው ይመስለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ነው። ስክሪኑንም ሲፒዩውንም ነጭ ዳንቴል አልብሰናቸዋል። ዳንቴሉን የሠሩት አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እማማ የሺ ናቸው። እማማ የሺ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ ዒድ ሲሆን ቁርሳቸው እኛ ቤት ነው፣ ፋሲካ ሲሆን የእኛ ዶሮ በእኛ ሰው እጅ ታርዶ እነሱ ቤት ይሠራል። ዘይነብን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት። የዓረብ አገር ወሬ በተነሳ ቁጥር «እኔ በቁሜ ይህቺ ልጅ ባሕር አትሻገርም!» እያሉ መሬቱን በዱላቸው ይመቱት ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጆሯቸው ትንሽ ደከም ስላለ ሬዲዮናቸውን ጠዋትና ማታ ሰፈሩ እስኪሰማ ይከፍቱታል። እማ የምሽቱን ዜና የምትሰማው በእሳቸው ሬዲዮ ነው፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆና።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ እማማ የሺ በተኙበት አለፉ።

የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬው ድንኳን ወዲያው ተተከለ። እማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ መንገድ ላይ ትዝ አላትና ተመለሰች።

«መዲና» አለችኝ፣ «ያን የዘይነብን ሣጥን ከሥሩ አጥፊልኝ። ድምፅ ያለው ነገር ነው። የየሺ ሐዘን እስኪወጣ ትንፍሽ እንዳይል!»

ዘይነብ እዚያ ለቀስተኛ ልታስተናግድ ሄዳለች። ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ነው ያለው፤ እማ ግን ከሥሩ ብላለች። ከሥሩ የቱ ጋ እንደሆነ ደግሞ ከቤቱ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲገጠም የገጠመው ሰውዬ ከሲፒዩው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ማጥፊያ እያሳየ «ይቺ ዋናዋ ናት፤ እሷ ከተዘጋች ፊት ለፊት ብትደበድቡትም አይሰማችሁ» ሲል ዘይነብ የፊደሎቹን ቦታ እየፈለገች አልሰማችውም። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጌ ማጥፊያዋን ተጫንኩ። ቀጭ አለች። ዳንቴሉን መልሼ አስተካከልኩና ትልቅ ኃላፊነት የተወጣ ሰው ሆኜ ተቀመጥኩ።

ያኔ ያልገባኝ የቀኑ ቁጥር ነው። በእኛ ሐዘን ሦስት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሞቱት እማማ የሺ ናቸው። ስለዚህ ማታ እማ ስትመለስ ጠየቅኋት።

«እማ፣ የእማማ የሺ ሐዘን ስንት ቀን ነው?»

«ለነሱማ አርባ ነው፣ ልጄ» አለች እግሯን እያሸች።

በቃ፣ አርባ ነው። ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ የመጀመሪያዋን ጭረት ጫርኩ።

እሑድ ጠዋት ዘይነብ ዳንቴሉን አንስታ አጠፈችና ተቀመጠች። ለፈተናው ከአሥር ቀን ብዙም አልቀራትም። ፊት ለፊት ያለችውን ቁልፍ ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች። አምፖሉን አበራች፤ በራ። ማከፋፈያው ላይ ካውያ ሰካች፤ ካውያው ጋለ። የስክሪኑን ገመድ ነቅላ ለሲፒዩው ሰጠችው፤ ምንም። የሲፒዩውን ለስክሪኑ ስትሰጠው የስክሪኑ ትንሽ መብራት ቢጫ ሆና ቦግ አለች። ሁሉም ደኅና ነው፤ እሱ ብቻ ነው እምቢ ያለው።

እኔ ጥግ ተቀምጬ አያታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እየታዘብኳት ነበር። ገና አምስተኛው ቀን ነው። ጾሙን ተደብቆ የሚያፈርስ ሰው እንደማየት ነው የሆነብኝ። ለምን እንደማይበራ እሷም የምታውቅ፣ አውቃ የምትሞክር ነበር የመሰለኝ።

እማ መጣች። ቁማ አየችውና «ዓይን ነው የበላው» አለች። መዳፏን ዘርግታ ቁርአን ቀራችበት፤ ሦስት ጊዜም እፍ አለችበት። ዘይነብ ተስፋ አድርጋ ተጫነች። ምንም።

«አብሽሪ፣ ይነሳል ኢንሻአላህ» አለች እማ፤ ድምፅዋ ግን ቀጭን ነበር።

ያን ሳምንት ዘይነብ አንድ ካርቶን ቀድዳ የፊደሎቹን ሰሌዳ በእስክሪብቶ ሣለችበት። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ትመታዋለች፤ ቱክ ቱክ ቱክ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበር ጀምሮ የምሰማው እሱን ነው። ስሕተቷን የሚነግራት ነገር ስለሌለ ልክ ትጻፍ አትጻፍ አታውቅም። አንድ ቀን ካርቶኑ ላይ የወደቀ እንባ «መ»ን አጥፍቷት አየሁ። እኔ እኮ ለእማማ የሺ ያለቀሰች መስሎኝ አከበርኳት።

ቅዳሜ ሲደርስ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዘይነብ ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልላ ኮምቦልቻ ወዳለ ጠጋኝ ልትወስደው ተነሳች። ትምህርት ስለሌለ እኔንም አስከተለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋው ስለተቀመጠች አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ጋቢውን ገለጥ አድርገው «ማሻአላህ፣ ስንት ወሩ ነው?» ሊሉ ብረቱን ሲያዩ ደነገጡ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ዘይነብም ሳቀች፤ ያን ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ የደሴ ብርድ ከኋላችን ቀረና ሹራቤን አወለቅሁ።

ጠጋኙ ቦርጫም ሰውዬ ነው፤ መፍቻውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶታል። ሲፒዩውን ከፈተው፣ እፍ አለው፣ አስነጠሰው። «ላጲስ ያለው?» አለ። እኔ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ከውስጥ ረጅም ቀጭን ነገር መዝዞ ወርቃማ ጥርሶቹን ያሽ ጀመር። የላጲሴ ፍርፋሪና የአቧራው ሽታ በዚያ ሙቀት ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሲጨርስ መልሶ ሰካው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ በቀኝ እጁ ገመዱን ሲሰካ ግራ እጁ ከኋላ በኩል ዞር አለች። ቀጭ! ሰማሁ። ከዚያ ፊት ለፊቱን ተጫነ፤ ጢጥ አለና ማራገቢያው ዞረ።

«ሜሞሪው ቆሽሾ ነው» አለ። «ደግሞ ካስቸገረሽ በላጲስ እሺው፣ በቃ።»

ግራ እጁ የሠራችውን እሱ ራሱ አላስተዋለም። እጅ ልማዱን ነው የሚሠራው። እኔ ግን አይቻለሁ፤ ዝምም አልኩ። የልጅነት ሒሳቤ ቀላል ነበር፤ እማማ የሺ የሞቱት ደሴ ነው። ኮምቦልቻ እማማ የሺ አልሞቱም። እዚያ ቢበራ ኃጢአት የለውም።

ክፉው ነገር የመጣው ቤት ስንደርስ ነው። ዘይነብ ከቤት ስትሰካው ተነሳ፤ እንደበፊቱም ያን ትልቅ የመክፈቻ ዜማውን ለቀቀው። ዘይነብ እልል አለች። እኔ በመስኮት ወጥቼ ልጠፋ ደረስኩ። በመስኮቱ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ጋሽ ታደሰ ጥቁር ለብሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ዜማውን ሲሰሙ ቀና አሉ። ወደ እኛ አዩ። ከዚያ መልሰው አቀረቀሩ። አፈርኩ። በሁላችንም ፋንታ እኔ ብቻዬን አፈርኩ።

ለመግሪብ ሶላት ሲቆሙ፣ እማና ዘይነብ ፊታቸውን ወደ ቂብላ ባዞሩበት፣ እጄን ከዳንቴሉ ሥር አስገባሁ።

እሑድ ጠዋት ዘይነብ ስትጫነው ምንም። አልጮኸችም። ከፈተችው፣ ላጲሴን ጠየቀችኝና ማሸት ጀመረች። አሸች፣ ሰካች፣ ተጫነች። አሸች፣ ሰካች፣ ተጫነች። ላጲሴ እስከ ቀትር ድረስ የሽንብራ ያህል ቀረ። ጣቷ ተላጠ። ጠጋኙ እሑድ አይከፍትም፤ ፈተናው ሐሙስ ነው፤ ዓረብ አገር የሚልካት ደላላ ደግሞ ሰኞ ይመጣል። ይህን የመጨረሻውን የሰማሁት ያኔ ነው።

«በቃ፣ እማ» አለች፣ የቀረችውን ላጲስ መሬት ላይ አስቀምጣ። «አላህ እምቢ ያለውን በላጲስ አላመጣውም። ፓስፖርቴን ስጭኝ።»

«ሐሙስን ጠብቂ እንጂ፣ ልጄ።»

«በካርቶን ልፈተን? ውላችን ውል ነው፣ እማ። ሐሙስ ከወደቅሁ ያው እሄዳለሁ፤ ተዋርጄ ከምሄድ ሳልዋረድ ልሂድ።»

እማ ከወገቧ የሣጥኑን ቁልፍ ፈታች። ጅዳ የሚባለው ቦታ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ከእኛ ሰፈር ወደዚያ የሄደችው የአሚናት እናት አራት ዓመት ሙሉ አልመጣችም፤ አሚናት ስልክ ላይ ድምፅዋን ስትሰማ ትደበቃለች። ይህ ነበር የመጣብኝ። ማጥፊያዋ፣ ሣጥኑና የአሚናት እናት በአንድ ጊዜ ተያያዙብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አርባው እስኪሞላ ነው።»

ሁለቱም ዞሩ። ረቡዕን፣ ከሥሩን፣ ጭረቶቹን፣ መግሪቡን እያለቀስኩ ተናገርኩ። ዘይነብ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልትጮህብኝ ነው ወይ ልትመታኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እማ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

«አትንኪያት» አለቻት። «አጥፊ ያልኳት እኔ ነኝ። አብሪ አላልኳትም።»

«እና አሁን ላብራው!» አለች ዘይነብ ወደ ሲፒዩው ጀርባ እየተንጠራራች።

«አርባውስ?» አልኩ።

የእማ ፊት ተለወጠ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ቆይ፣ ዘይነብ» አለች። «ሕፃኗ ከእኛ በለጠች። ትናንት ያ ሁሉ ዘፈን ሲጮህ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረብን። ሰርግ ያለበት እንኳ ባለ ሐዘኑን አስፈቅዶ ነው ከበሮ የሚመታው።» እጄን ያዘችና ወጣን።

ጋሽ ታደሰ ያው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። እማ ጎንበስ ብላ ቆመች።

«ታደሰ፣ ይህቺ ልጅ የምትነግርህ አለ።»

እሳቸው ፊት ሁሉንም ደገምኩ፤ ኮምቦልቻ እማማ የሺ እንዳልሞቱ ያሰብኩትን ሳይቀር። ስጨርስ አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሽማግሌ አስለቀስኩ ብዬ ክው አልኩ። እማ እንኳ «እግዜር ያጽናህ» ልትል አፏን ከፈተች። ለካ እየሳቁ ነው።

«ኮምቦልቻ አልሞተችም?» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ተባረኪ። እንግዲህ ኮምቦልቻ ሄጄ እፈልጋታለሁ።»

ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ሲል አየሁት፤ መለሱት።

«ፋጡማ፣ ዘይነብ የምትሄደው መቼ ነው?»

«ደላላው ነገ ይመጣል።»

«የሺ ምን ትል እንደነበር ሰምተሻል አይደለም? ለእሷ ሐዘን ተብሎ ዘይነብ ባሕር ብትሻገር እዚያ ሆና ዱላዋን ታነሳብኛለች። ነይ፣ አሳዪኝ፣ የቷ ናት ቁልፏ?»

ጋሽ ታደሰ ከቀብሩ ወዲህ ከግቢያቸው ወጥተው አያውቁም ነበር። እማ እጃቸውን ይዛ የእኛን ደፍ አሻገረቻቸው። ዘይነብ ስታያቸው ተነስታ ነጠላዋን ሳበች። እሳቸው ዳንቴሉን ሲያዩ ቆሙ፤ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለቀቁት። ከዚያ ተንበረከኩ። እኔ በጣቴ አመለከትኳቸው እንጂ አልነካሁም።

«በስመ አብ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ቢስሚላህ» አለች እማ።

ቀጭ!

ዘይነብ ፊት ለፊቱን ተጫነች። ጢጥ። ማራገቢያው ዞረ፣ የሞቀ አቧራ ሸተተን፣ ያ ትልቅ ዜማውም መጣ፤ ዘይነብ ድምፁን ለመቀነስ ስትጣደፍ ጋሽ ታደሰ «ተዪው፣ እኔ እንደሁ በደንብ አልሰማውም» አሏት። ዘይነብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በአንድ ጊዜ ሳቀችም አለቀሰችም። ከዚያ ጆሮዬን ያዘችና ጠመዘዘችው፤ ከጠመዘዘችው በኋላ ሳመችው። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለኝ። እንዲህ ያለ እፎይታ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስቴ ባገኝ ነው።

ሰኞ የመጣውን ደላላ እማ በር ላይ መለሰችው። ሦስት ቀን ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ ዘይነብ ትጽፋለች፣ እኔ ከመጽሐፌ አነብላታለሁ፣ ስትሳሳት ሁለታችንም እንጮኻለን። ሐሙስ በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሟ ተለጠፈ፤ አለፈች። እማ ፓስፖርቱን ከዒድ ልብሶቹ ሥር መልሳ «እዚያው ይርጅ» አለችና ሣጥኑን ቆለፈች። ዘይነብ ልብሷን ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ግን ኮምቦልቻ እኮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚመለሱበት አገር ነው።

የእማማ የሺ አርባ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ተዝካሩ ላይ ለእኛ ለብቻው የታረደልንን በላን። ማታ ቤት ገብቼ የሒሳብ ደብተሬን አወጣሁና የመጨረሻዋን ጭረት ጫርኩ። የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኛ።

ልክ ያኔ ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ጮኸ። የዜናው መግቢያ ነው፤ ሰፈሩን ሁሉ ሞላው። እማ ከሶላቷ ጨርሳ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ቀና አለች። ለካ እነዚያን ሁሉ ምሽቶች ዜና አልሰማንም ነበር፣ ልብም አላልነው። ለእኛ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በገዛ እጃቸው ያበሩልን ሰው ለራሳቸው አርባውን አንድ በአንድ ቆጥረው ጨርሰዋል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እማ፤ «ታደሰ ከፈተው።»

ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችና ዜናውን እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን።